የኢራን ካቺ መሥራት የምታውቁ፣ እባካችሁ እርዱኝ

የወንድሜ ሚስት ኢራናዊት ናት፤ የሺራዝ ልጅ። የምንኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። መውለጃዋ ደርሷል፤ እናቷ ግን ቪዛ አጥተው ሊያርሷት መምጣት አልቻሉም። ስለዚህ እኔ ነኝ የማርሳት።

በአገሯ ለአራስ ካቺ ይሠራል፤ ልክ እንደኛ ገንፎ። ዱቄቱ በቅቤ መልኩ ወርቃማ እስኪሆን ይቆላል። ከዚያ በስኳር፣ በሳፍሮንና በጽጌረዳ ውሃ የተዘጋጀው ሽሮፕ ይጨመርበታል። እስከ መቁላቱ ደህና ነው፤ ሽታው ራሱ ያጠግባል! ሽሮፑ ሲገባ ግን ይጓጉልብኛል። ሙቅ ነው ቀዝቃዛ የሚጨመረው? እሳቱስ ይጥፋ? እናቷን በቪዲዮ ስንጠይቃቸው «በዓይን ነው» ይላሉ።

ሌላው ጭንቀቴ፣ በእርግዝናዋ ስኳሯ ከፍ ብሎ ሐኪሟ ጣፋጭ ቀንሺ ብሏታል። ስትወልድ ምን ያህል እንደሚፈቀድላት እሱን እንጠይቃለን። ግን ስኳሩን በግማሽ ብቀንሰው ካቺው ይይዛል ወይ? የሞከራችሁ ካላችሁ ቶሎ ንገሩኝ።