የትንሿ ጣት መደንዘዝ፦ ከክርን ነው ከአንገት?

ጅማ ውስጥ ቡና ለቃሚ የሆነች ታካሚ፤ ቀኝ ክርኗን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋ ነው የምትውለው። ትንሿ ጣቷ ደንዝዛለች። ድንበሩን በስፒል እየወጋሁ በእስክሪብቶ አሰመርኩት፤ የቀለበት ጣቷን ልክ መሃሉ ላይ ይከፍለዋል፣ የእጇ ጀርባም በዚያው በኩል ደንዝዟል። ስለዚህ ከእጅ አንጓ በላይ የተጎዳ አልናር ነርቭ (በክርን ውስጠኛ በኩል አልፎ ለትንሿ ጣትና ለቀለበት ጣት ግማሽ ስሜት የሚሰጠው) ነው አልኩ፤ ክርኗን ከውስጥ በኩል መታ መታ ሳደርገውም ጣቷን ይነዝራታል። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ክርኗን በፎጣ ጠቅልላ፣ ሳታጥፈው ተኛች፤ ጣቷ ቀለል አላት። ግራ የገባኝ ክንዷ ነው፦ ከአንጓዋ በላይ 8 ሴንቲሜትር ድረስ፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ ስፒሉ አይሰማትም። ያ ቆዳ ደግሞ የአልናር አይደለም! አንገቷን ስታዞር አያማትም፣ የአውራ ጣቷም ጉልበት ደህና ነው። የሲ8 ሥርን (ከአንገት የሚወጣውን የነርቭ ሥር) ወይም የብብቱን የነርቭ ጉንጉን ከአልናር ለመለየት ቀጥሎ የትኛውን ጡንቻ ልፈትሽ?