አንድ አልሙኒየም፣ ሁለት ቮልቴጅ፦ ስህተቱ የቱ ጋ ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሳተላይት ህዋ ላይ ኤሌክትሮን ሲመታት ምን ያህል ቻርጅ እንደምትይዝ ለመሞከር ከአንድ የአልሙኒየም ቆርቆሮ ሁለት ናሙና ቆረጥኩ። አንዱን እንዳለ ተውኩት፣ ሌላውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ቫኪዩም ውስጥ ከመሬት ነጥዬ 5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው የኤሌክትሮን ጨረር ለቀቅኩባቸው። የተፈገፈገው ይበልጥ ኔጌቲቭ ሆነ። ጭራሽ በማግስቱ ሁለቱም ባሱ! መለኪያዬ ነው ወይስ እኔ?

መላሽ 1፦
መለኪያህ ደህና ነው። ኤሌክትሮን ሲመታው ብረቱም የራሱን ኤሌክትሮን ይተፋል። የሚተፋው ግን ከላይኛው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ወሳኙ ገጹ ላይ ያለው ነገር ነው። ንጹህ አልሙኒየም ለአንድ ገቢ ኤሌክትሮን ቢበዛ 1 ገደማ ይመልሳል፤ ኦክሳይድ (ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ የሚፈጠር ስስ ሽፋን) የለበሰው ከ2 ያልፋል። ብዙ የመለሰ ትንሽ ቻርጅ ይይዛል።

ጠያቂ፦
እና ኦክሳይዱን ስለፋቅኩት ነዋ?

መላሽ 2፦
አይመስለኝም። አየር ላይ ከፈገፈግከው ኦክሳይዱ ወዲያው ተመልሷል። እኔ የምጠረጥረው ሻካራነቱን ነው። ጭረት ውስጥ የወጣ ኤሌክትሮን ከጎኑ ግድግዳ ጋር ተላትሞ እዚያው ይቀራል። የቅንጣት ማፍጠኛ ሰዎች ኤሌክትሮን እንዳይበዛባቸው ሆን ብለው ግድግዳውን ቦይ ቦይ ያደርጉታል። ለሳተላይት ግን ጉዳት ነው።

መላሽ 3፦
የማግስቱ ሌላ ጣጣ ነው። የፓምፕ ዘይት ወይም የጣት ቅባት ካለ ጨረሩ እየሰባበረ ካርቦን ይለጥፍበታል። ካርቦን ደግሞ ቆጥቋጣ ነው፤ ከኦክሳይዱ በጣም ያነሰ ኤሌክትሮን ነው የሚመልሰው። በዚህ ጉዳይ ሁለት ሳምንት አቃጥያለሁ። ጓንት አድርግ፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል አጽዳ፣ ቫኪዩም ውስጥ አሙቀው፣ ጨረሩን በአጭር በአጭሩ ስጠው። ሦስተኛ ቁራጭ ሳትፈገፍግ አጽድተህ ለካ፤ ሻካራነቱና ቆሻሻው ያኔ ይለያሉ።

ጠያቂ፦
ሪፖርቱ ላይ የቱን ቁጥር ልጻፍ?

መላሽ 1፦
ሁሉንም፣ ገጹ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር ጨምረህ። ንጹህ ብረት ስንት ኤሌክትሮን እንደሚመልስ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ብቻውን ያሳስታል። ምህዋር ላይም ገጹ ይለወጣል፦ ዝቅ ባለ ምህዋር አቶሚክ ኦክስጅን (ነጠላ የኦክስጅን አቶም) ሳተላይት የሚሸፈንበትን ካፕተን የተባለ ፕላስቲክ እየበላ ያሻክረዋል፣ ከሳተላይቷ የሚተን ነገርም ሌላው ክፍሏ ላይ ያርፋል። በ1974 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው ኤቲኤስ-6 የተባለች ሳተላይት በምድር ጥላ ውስጥ እስከ 19 ሺህ ቮልት ኔጌቲቭ ደርሳለች። እኔን ግን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ጎን ለጎን ያሉ ገጾች መለያየት ነው። የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚነሳው ከዚያ ነው። ያንተን ሁለት ቁራጮች አጠጋግተህ አስባቸው።

ጠያቂ፦
ገባኝ። ሦስተኛውን ዛሬ አስገባለሁ። በጓንት!