ለታወቀ ችግር ምርምር ያስፈልጋል ወይ? ርዕሰ መምህር ለመሆን በሚዘጋጁ መምህራን ዙሪያ የተደረገ ክርክር

ሰልጣኟ ከኪቶ ፉርዲሳ፦
ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ጅማ በተካሄደ የሰልጣኞች ውይይት ላይ አንድ አንጋፋ ርዕሰ መምህር የተናገሩት ነገር አሁንም ያናድደኛል። «የትምህርት ቤቶቻችን ችግር የታወቀ ነው፤ ለታወቀ ችግር ተግባራዊ ምርምር አካሂዱ እያሉ ለርዕሰ መምህርነት የሚዘጋጁ መምህራንን ማድከም ጊዜ ማባከን ነው» አሉ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። ከንግግሩ ይልቅ ያሳዘነኝ ጭብጨባው ነው። በክረምቱ መርሃ ግብር የትምህርት ቤት አመራር የድህረ ምረቃ ዲፕሎማ የምንከታተል ሰዎች ስለ ዕቅድ፣ ስለ በጀትና ስለ ሱፐርቪዥን ብዙ እንማራለን፤ ይሁን እንጂ አንድን ነገር በገዛ እጃችን ለመለወጥ ሞክረን፣ ለውጡ መምጣት አለመምጣቱን በማስረጃ አይተን፣ ካልመጣም ለምን እንደቀረ ጠይቀን እንደገና የምንሞክርበት ክፍል ይኸው ምርምር ነው። እርሱ ከተነሳ የሚቀረን የአዳራሽ ማስታወሻ ብቻ ነው። የሚቃወም ካለ በምክንያት ይቃወመኝ።

ርዕሰ መምህር ከጎማ፦
እኔ እቃወማለሁ። ተናጋሪው ዕድሜያቸውን በገጠር ትምህርት ቤት የጨረሱ ሰው ስለሆኑ ቃላቸው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ሲደርስ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር ማሳ ይውላሉ፤ ይህን ለማወቅ መጠይቅ መበተን አያስፈልግም፤ ችግሩ የታወቀ ነው። የመጽሐፍ እጥረቱም፣ የመምህራን ዝውውሩም፣ ውኃ የሌለው መጸዳጃ ቤትም የታወቀ ነው። ከዚህም ሌላ በትምህርት ቤት መሻሻል መርሃ ግብር በየዓመቱ ግለ ግምገማ እናካሂዳለን፤ በመማር ማስተማር፣ በምቹ የትምህርት አካባቢ፣ በአመራርና በኅብረተሰብ ተሳትፎ ያለንበትን ደረጃ ለይተን የሦስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ እናወጣለን። ጀማሪ ርዕሰ መምህር ይህን በሚገባ ከሠራ በቂው ነው። ሌላ ጥናት መጨመር ሥራን በሥራ ላይ መደረብ ነው።

ሰልጣኟ ከኪቶ ፉርዲሳ፦
ጋሼ፣ ለልምድዎ ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ ነገር ግን «የታወቀ ነው» የሚለውን ቃል ያለ ማስረጃ ላሳልፈው አልችልም። የታወቀው ለማን ነው? ተማሪዎች እንደሚቀሩ ሁላችንም እናውቃለን፤ የትኞቹ ተማሪዎች፣ በየትኞቹ ቀናት፣ ስንት ጊዜ ቀርተው ከዚያ በኋላ ጨርሶ እንደሚያቋርጡ ግን ከግለ ግምገማው ቅጽ ላይ አሳዩኝ ብል የሚያሳየኝ የለም። ቅጹ ላይ ኮሚቴው ተስማምቶ የሞላው መቶኛ አለ፤ አንድ ነገር ተሞክሮ ምን እንደተገኘ የሚገልጽ ቦታ ግን የለውም። ችግሩ ለዓመታት የታወቀ ሆኖ ለዓመታት ከቀጠለ፣ ያላወቅነው ነገር አለ ማለት ነው።

ጡረተኛዋ ሱፐርቫይዘር፦
ልጆቼ፣ በጉድኝት ማዕከል፣ ማለትም ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች በሚደራጁበት ማዕከል፣ በሱፐርቫይዘርነት ስሠራ ያየሁትን ልንገራችሁ። በአንዱ ትምህርት ቤታችን ለአመራርነት የምትዘጋጅ አንዲት መምህርት ነበረች። በዚያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የሚቀሩት በቡና ለቀማ ነው የሚለው አባባል እንደ ሕግ የተያዘ ነበር፤ እኔም በሪፖርቴ ላይ እንደዚያው እጽፍ ነበር። እርሷ ግን የስም መጥሪያ መዝገቦቹን ከየክፍል ኃላፊዎቹ ተቀብላ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና በማስመሪያ እየተከተለች የቀሪ ምልክቶቹን በየቀኑ ለይታ ቆጠረች። በመጀመሪያ ያገኘችው ነገር ከሰዓት በኋላ ስም የማይጠራባቸው ክፍሎች መኖራቸው ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመለካቷ በፊት መምህራኑ ከሰዓትም ስም እንዲጠሩ ማስማማት ነበረባት፤ ይህም ራሱ የአመራር ሥራ ነበር። ከዚያ በኋላ በመዝገቡ ላይ የታየው የቡናው ወቅት ብቻ አልነበረም፤ ዓመቱን ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ፣ በገበያው ቀን፣ የሴት ልጆች ረድፍ በቀሪ ምልክት የተሞላ ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራዋ ወላጆችን በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል ጠርቶ መምከር ነበር። ለጥቂት ሳምንታት መሻሻል ታየ፤ ከዚያ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ብዙዎቻችን እዚያ ላይ «ወላጆች ግንዛቤ ይጎድላቸዋል» ብለን ሪፖርቱን እንዘጋ ነበር። እርሷ አልዘጋችም፤ ልጃገረዶቹን ራሳቸውን አንድ በአንድ አነጋገረቻቸው። እናቶቻቸው ገበያ ሲሄዱ ታናናሾቻቸውን የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ እንደሚቀሩ ነገሯት። በሁለተኛው ዙር ከርዕሰ መምህሩና ከኦ ክፍል (ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለው የሕፃናት ክፍል) መምህርቷ ጋር ተስማምታ በገበያ ቀን ታናናሾቹ ከእህቶቻቸው ጋር መጥተው ኦ ክፍል እንዲውሉ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ያለው የሐሙስ ረድፍ ከቀድሞው የተለየ ነበር፤ ያንን መዝገብ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ንገሩኝ፣ ይህ ችግር የታወቀ ነበር ወይስ ያልታወቀ?

ርዕሰ መምህር ከጎማ፦
እትዬ፣ ያቀረቡት ምሳሌ ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚያረጋግጠው የእኔን ሐሳብ ነው። መምህርቷ የሠራችው ጠንቃቃ ርዕሰ መምህር በየዕለቱ ሊሠራው የሚገባውን ነው፤ መዝገብ ማየት፣ ልጆችን ማነጋገር፣ ከባልደረባ ጋር መስማማት። ይህን ሁሉ ለማድረግ የዩኒቨርሲቲ ፈቃድና አምስት ምዕራፍ ያለው ጥራዝ አያስፈልግም። ደግሞም የኦ ክፍል መምህርቷ በገበያ ቀን ስንት ሕፃን ተጨመረባት? በአንድ በኩል የተቃለለው ችግር በሌላ በኩል ተጭኖ እንደሆነ ማን ጠየቀ?

ጡረተኛዋ ሱፐርቫይዘር፦
ተጠይቋል። ክፍለ ጊዜ ያልነበራቸው መምህራን በተራ እንዲያግዟት ተደርጓል፤ መጀመሪያ ላይ ያጉረመረሙ ነበሩ። «ጠንቃቃ ርዕሰ መምህር በየዕለቱ የሚሠራው ነው» ያልከውን ግን አልቀበልም። በሥራ ዘመኔ ብዙ ጠንቃቃ ርዕሳነ መምህራንን አውቃለሁ፤ መዝገቡን በዚያ መንገድ ያየ ግን አላጋጠመኝም። ጥንቃቄ ብቻውን አያደርሰውም፤ መማር ይፈልጋል።

አሰልጣኝ፦
በአመራር ሥልጠናው የማስተምር እንደመሆኔ ስለ «አምስት ምዕራፍ» የተነሳው ቅሬታ እኔንም ይመለከተኛል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1946 ስለ ተግባራዊ ምርምር ሲጽፍ ያሰበው ማቀድን፣ መተግበርንና የተግባሩን ውጤት መመርመርን እያፈራረቀ የሚሄድ ዙር ነበር፤ መነሻውም የማኅበረሰብ ግንኙነትን ማሻሻል እንጂ መመረቂያ ጽሑፍ አልነበረም። እስጢፋን ኮሪ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1953 ሐሳቡን ወደ ትምህርት ቤት ሲያመጣው፣ መምህራንና የትምህርት ኃላፊዎች የራሳቸውን ሥራ ራሳቸው ቢያጠኑ በውጤቱ የበለጠ እንደሚጠቀሙበት ተከራክሯል። በእኛም አገር በራሳችን አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ወዲህ በሥልጠናዎች ውስጥ ቦታ የተሰጠው በዚሁ መንፈስ ነው። ችግሩ የመጣው የማስተርስ ጽሑፍ ቅርጽ እንዳለ ተወስዶ ሲጫንበት ነው። የንድፈ ሐሳብ ክለሳው ብዙ ገጽ ይይዝና ሰልጣኙ ያደረገው ድርጊት በአንድ አንቀጽ ያልፋል፤ ሁለተኛው ዙር ደግሞ «የወደፊት ምክረ ሐሳብ» ተብሎ ይቀራል። እኔ በበኩሌ ከሁለት ዙር በታች የሆነ ሥራ ተግባራዊ ምርምር ሊባል አይገባውም ብዬ አምናለሁ።

መምህር ከሄርማታ፦
ሁላችሁም መሆን ስለሚገባው ነገር እየተናገራችሁ ነው፤ እኔ ስላለው ነገር ልናገር። ኮምፒውተር ቤት ገብቶ የተዘጋጀ ጥናት መጠየቅ ይቻላል፤ የትምህርት ቤቱና የወረዳው ስም ይቀየራል፣ የሽፋኑ ገጽ ይታደሳል፣ ይጠረዛል። በመግቢያው ላይ አንዱን ወረዳ፣ በማጠቃለያው ላይ ሌላውን ወረዳ የሚጠራ ጥራዝ በእጄ ይዣለሁ። «የተማሪዎች ማርፈድ መንስኤና መፍትሔ» የሚለው ርዕስ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ የማያውቅ መምህር የለም። ጥናቱ ለደረጃ ዕድገትና ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ መያዣ ከሆነ ወዲህ ብዙው ሥራ ለይስሙላ ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል። ሰውን ሐሰት እንዲጽፍ የሚያስገድድ ግዴታ ለነገው ርዕሰ መምህር የሚያስተምረው ምንድን ነው? ሐሰተኛ ሪፖርት መጻፍን ነው።

ሰልጣኟ ከኪቶ ፉርዲሳ፦
ስለ ኮምፒውተር ቤቱ ያሉት ትክክል ነው፤ ያሳፍራልም። መድኃኒቱ ግን ሰልጣኙ በመምህራን ፊት ቆሞ መዝገቡን፣ የክፍል ምልከታ ማስታወሻውንና ያልተሳካለትን ሙከራ እንዲያሳይ ማድረግ ነው። የተገዛ ጥራዝ መዝገብ የለውም።

መምህር ከዴዶ፦
መዝገብ ካነሳችሁ የእኔን ስሙ። በአንድ ትምህርት ቤት ሙሉ የክፍለ ጊዜ ጭነት ይዤ እያስተማርኩ ለአመራርነት እሠለጥናለሁ። በትምህርት ቤቱ ተማሪም ወላጅም የሚያውቀው ትልቁ ችግር ዓርብ ከሰዓትና ሰኞ ጠዋት መምህራን ክፍል አለመገኘታቸው ነው፤ ቤተሰባቸው ከተማ ነው፣ መንገዱም ሩቅ ነው። ይህን ለማጥናት የመምህራንን ፊርማ መዝገብ ለማየት ስጠይቅ ርዕሰ መምህሩ «አንተ ኢንስፔክተር አይደለህም፤ የቤታችንን ገመና አታውጣ፤ ስለ ተማሪዎች ማርፈድ ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ፤ አለፍኩም። መምህር ከሄርማታ ስለ ርዕሱ መደጋገም የተናገሩት ከዚህ የመጣ ነው። ስንፍና ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። ገና ሥልጣን የሌለው ሰው፣ ሥልጣን ባለው ሰው ቤት ውስጥ፣ የዚያን ሰው ሥራ እንዲመረምር ነው የሚጠየቀው።

ርዕሰ መምህር ከጎማ፦
ወንድሜ፣ ቅሬታህ ይገባኛል፤ ነገር ግን ርዕሰ መምህሩም ትክክል ናቸው። የመምህር ፊርማ መዝገብ የዲሲፕሊን ማስረጃ ሊሆን የሚችል ሰነድ ነው። አንድ ሰልጣኝ ቀድቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከወሰደው በኋላ ወረዳው እጅ ቢገባ የመምህራኑን ደመወዝ የሚያስቆርጥ ይሆናል። እነዚያ መምህራን ስለመጠናታቸው ተጠይቀው ፈቅደዋል? ለመምራት የሚዘጋጅ ሰው ከራሱ ክፍል፣ ከራሱ ዲፓርትመንት ይጀምር። በሌላው ላይ ጣት እየቀሰሩ አመራር መማር አይቻልም።

አሰልጣኝ፦
የፈቃዱ ጉዳይ ከባድ ስለሆነ በደንብ ሊታሰብበት ይገባል፤ የስም ዝርዝር ሳይወጣ በቀንና በክፍለ ጊዜ ብቻ የተጠቃለለ መረጃ መውሰድ ይቻላል፤ መምህራኑም ከጅምሩ የጥናቱ ተካፋይ እንዲሆኑ ይደረጋል። «ከራሱ ክፍል ይጀምር» የሚለውን ግን አልስማማበትም። ያ የመምህር ምርምር ነው፤ ለመምህርም ተገቢ ነው። ርዕሰ መምህር የሚመራው አዋቂዎችን ነው። የመምህራን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ለምሳሌ በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቃል፤ ያ ሰዓት ፖርትፎሊዮ (የሥራ ማስረጃ ማኅደር) በመሙላት ያልቃል ወይስ መምህራን አንዱ የሌላውን ክፍለ ጊዜ አይተው ይነጋገሩበታል? አንድ ሰልጣኝ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ተስማምቶ ይህን ቢሞክር፣ ውይይቱ ከሙገሳ አልፎ ወደ ማስተማሩ ጉዳይ መግባት አለመግባቱን ቢመዘግብ፣ ለነገው ወንበሩ የሚያስፈልገውን እየተማረ ነው።

መምህር ከሄርማታ፦
በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ናቸው። ይህን ያህል ምርምር እየተጻፈ ውጤቱ ይህ ከሆነ ጥራዙ የረዳው ማንን ነው?

ጡረተኛዋ ሱፐርቫይዘር፦
የአገርን ፈተና ውጤት በአንድ ሰልጣኝ ጫንቃ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ያን ቁጥር ያመጡት ነገሮች ከ1ኛ ክፍል ጀምረው የተከማቹ ናቸው። እኛ የምንነጋገረው ነገ ርዕሰ መምህር የሚሆነው ሰው ሥራውን መመርመር ይማር ወይስ አይማር በሚለው ላይ ነው።

ርዕሰ መምህር ከጎማ፦
እኔም «አይማር» አላልኩም። ያልኩት ችግሩ የታወቀ ነው፣ ሥራውም ግዴታ ሆኖ በጥራዝ አይመዘን ነው። ሁለት ዙር ይሁን የሚለውን ሐሳብ እቀበላለሁ፤ ሰልጣኙ በመምህራን ፊት ያቅርብ የሚለውንም እቀበላለሁ። ከዚህ በላይ አልሄድም።

ሰልጣኟ ከኪቶ ፉርዲሳ፦
እንግዲያው ጋሼ አንድ ጥያቄ ብቻ። በሚመጣው መስከረም አንድ ሰልጣኝ ወደ ትምህርት ቤትዎ መጥቶ መምህር ከዴዶ የተከለከሉትን ጉዳይ ላጥና ቢልዎ መዝገቡን ይከፍቱለታል?

ርዕሰ መምህር ከጎማ፦
የተማሪዎቹን ዛሬውኑ እከፍትለታለሁ። የመምህራኑን ከመምህራኑ ጋር ሳልነጋገር አልከፍትም።

መምህር ከዴዶ፦
እኔንም የመለሱኝ ርዕሰ መምህር መጀመሪያ ያሉኝ «ከመምህራኑ ጋር ልነጋገር» ነበር። ንግግሩ አልተደረገም፤ የማስረከቢያው ቀን ግን ደረሰ። እርስዎ ከመምህራንዎ ጋር የሚነጋገሩበትን ስብሰባ ሰልጣኙ ባለበት ያድርጉት፤ የሚሉትንም እዚያው ይስማ።

ርዕሰ መምህር ከጎማ፦
እርሱን አስብበታለሁ። ቃል ግን አልገባም።