ገንዳዬ ውስጥ ድንጋይ ላይ የበቀለው ኮራል የሚመስል ነገር ምንድን ነው?

ጥያቄ፣ ከሽምብጥ ሰፈር

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ሳሎን ውስጥ ጎልድፊሽ የማረባበት መካከለኛ የመስታወት ገንዳ አለኝ። ክረምቱ ሳይገባ፣ ሐይቁ ሲሸሽ ዳር ላይ ከቀሩት ጥቋቁር ድንጋዮች ጥቂት ለቅሜ፣ አጥቤ አስገባሁበት። ድንጋዮቹ ያኔ ክው ብለው የደረቁ ነበሩ።

አሁን አንዱ ላይ የማላውቀው ነገር እያደገ ነው። ሲጀምር ነጣ ያለች ነጥብ ነበረች። ዛሬ መዳፌን ያህላል። መብራት በሚያርፍበት በኩል አረንጓዴ ነው። ድንጋዩን እዚያው ውሃው ውስጥ ገልበጥ ሳደርገው ግን ሥሩ ገርጥቷል። አጫጭር ጉብታዎች አሉት፤ በየጫፋቸው ቀዳዳ ይታያል። የቀረው ገጽታው ዓይን በዓይን ነው፣ ልክ እንደ እንጀራ። ስነካው አይሸሽም፣ አይኮማተርም።

እህቴ ኮራል ነው ብላ ፎቶውን ለሰው ሁሉ ላከች። ወንድሜ ደግሞ ሻጋታ ነው፣ ፍቂው ይለኛል። ምን ይሆን? ዓሦቹንስ ይጎዳብኛል?

የዓሣ ወዳጅ

ኮራልስ አይደለም እህቴ። ኮራል የባሕር እንስሳ ነው። በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ያለበት ውሃ ይፈልጋል። ቀይ ባሕር ላይ ሞልቷል፤ ጣና ላይ ግን አይታሰብም። እኔ አልጌ ነው ባይ ነኝ። ገንዳው ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ከሆነ ዞር አድርጊው። ከዚያ በጥርስ ብሩሽ ፈትጊው፣ ይለቃል።

የባዮሎጂ መምህር

ቆይ፣ ብሩሹን አስቀምጪው። አልጌ እንዲህ ያለ ቀዳዳ አያወጣም። የነገርሽን ሁሉ ሳየው ወደ አንድ ነገር ይወስደኛል፦ ጨው በሌለው ውሃ የሚኖር ስፖንጅ። ሕይወት ያለው እንስሳ ነው።

ብዙ ሰው ስፖንጅ ባሕር ውስጥ ብቻ ያለ ይመስለዋል። በሐይቅና በወንዝ የሚኖሩ ከ200 በላይ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ጣናም የራሱ አለው። ማኬዲያ ታኔንሲስ የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1999 ለሳይንስ የተመዘገበው ከዚሁ ሐይቅ ነው። ስለ ጣና ዓሣና ገዳማት ስናወራ እንውላለን፤ ይህንን ግን የሚያነሳው ሰው የለም። ሁሌም ያሳዝነኛል።

አረንጓዴው የራሱ ቀለም አይደለም። ሰውነቱ ውስጥ የሚኖር ደቃቅ አልጌ ነው የሚሰጠው። ብርሃን የማያገኘው ጎኑ የገረጣውም ለዚያ ነው። ቀዳዳዎቹ ደግሞ ሥራ አላቸው። ውሃ በደቃቆቹ ዓይኖች ይገባል። ባክቴሪያውና ብናኙ ምግብ ሆኖ ውስጥ ይቀራል። የተጣራው ውሃ በትልልቆቹ ቀዳዳዎች ይወጣል። ማየት ከፈለግሽ ፊልተሩን ለጥቂት ደቂቃ አጥፊ። ትንሽ የምግብ ቀለም በውሃ በጥብጠሽ በስሪንጅ ከጎኑ ቀስ ብለሽ ልቀቂ። በሕይወት ካለ ቀለሙን በጉብታው ጫፍ ሲተፋው ታያለሽ።

የሚጠረጠሩ ሌሎች ሁለት አሉ። ብራዮዞዋ ቡናማ፣ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያለው ነው፤ ደቃቅ እጆች ዘርግቶ ይቆይና ስትነኪው እልም ይላል። ሃይድራ ደግሞ የኮራል ዘመድ ነው። እሱም ከትንሽነቱ በላይ ሲነካ ይኮማተራል። ያንቺው አይሸሽም ብለሻል።

ከሽምብጥ ሰፈር

መምህር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ድንጋዩ ደርቆ ነበር እኮ። እንዴት ሊተርፍ ቻለ ይላሉ?

የባዮሎጂ መምህር

ብዙዎቹ የሐይቅና የወንዝ ስፖንጆች ክፉ ጊዜ ሲመጣ ጄምዩል የሚባሉ ክብ ፍሬዎች ይሠራሉ። ከአንድ ሚሊሜትር ያንሳሉ፤ ሽፋናቸው ግን ጠንካራ ነው። እናትየው ሞታ ትበሰብሳለች። እነሱ ድንጋዩ ላይ ተጣብቀው ድርቁን ያሳልፋሉ። ውሃ ሲያገኙ ከውስጣቸው አዲስ ስፖንጅ ይወጣል። ጣና በክረምት እየሞላ በበጋ እየጎደለ የሚኖር ሐይቅ ስለሆነ፣ ዳር ላይ ለሚኖር ፍጥረት ይህ ትልቅ መላ ነው።

ታንኳ ቀዛፊ

እኔ ያደግሁት ደንገል ሲታጨድ እያየሁ፣ እያገዝሁም ነው። ውሃ ውስጥ ባለው አገዳ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አውቃለሁ። ያሳክካል። በባዶ እጅሽ አትንኪው። ከነካሽም ዓይንሽን አትሺው።

ላብራቶሪ የምሠራ

ወንድሜ ያለው ልክ ነው። የሚያሳክከው አጽሙ ነው። ስፒኩል ይባላል፤ ከሲሊካ የተሠራ፣ በባዶ ዓይን የማይለይ የመስታወት መርፌ ነው። ማረጋገጫሽም እሱ ነው።

ጓንት አድርገሽ በወረንጦ ሁለት ትንንሽ ቁራጭ ቆንጥሪ። በተለያየ ብርጭቆ አስቀምጫቸው። አንዱ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጊ። የኮራል አጽም ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አረፋ ያወጣል። ሲሊካ ምንም አይልም። ሁለተኛው በረኪና ውስጥ ይደር። ሥጋው ይሟሟል፣ መርፌዎቹ ከሥር ይዘቅጣሉ። በረኪናውን ቀስ ብለሽ አቅርሪው። ዝቃጩን በንጹሕ ውሃ ደጋግመሽ አጥሪና ጠብታውን በማይክሮስኮፕ እዪ።

አደራ፣ አቼቶና በረኪና እንዳይገናኙ! ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል። መስኮት ክፈቺ፣ ልጆች አይቅረቡ። ብርጭቆዎቹም ከዚያ በኋላ ለመጠጥ አይዋሉ።

ከሽምብጥ ሰፈር

አየሁት! አቼቶው ላይ ዝም አለ። በረኪና ውስጥ ያደረውን ደግሞ ጎረቤቴ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ወስደን በማይክሮስኮፕ አየነው። መርፌ በመርፌ ነው። ጥርት ያሉ፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ በሁለቱም ጫፍ የሾሉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበሩ። ጎረቤቴ ተማሪዎቿን ጠርታ አሳየቻቸው።

መምህር፣ ማኬዲያ ያሉት እሱ ይሆን? በሕይወት ላቆየውም እፈልጋለሁ።

የባዮሎጂ መምህር

እንኳን ደስ ያለሽ፣ ስፖንጅ መሆኑ ለየ። ዝርያው ግን በዚህ ብቻ አይታወቅም። ሁለት ጫፉ የሾለ መርፌ ብዙ ዝርያዎች አሏቸው። የመርፌዎቹ ልክና ቅርጽ፣ ጄምዩል ካለውም ሽፋኑ መታየት አለበት። ትንሽ ቁራጭ አልኮል ውስጥ አድርጊና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዓሣና የውሃ ሕይወት የሚያጠኑ ሰዎች ዘንድ ውሰጂው። ድንጋዩን ከየት እንዳነሳሽው ጻፊበት። ቦታው ያልተጻፈ ናሙና ብዙ አይረዳም።

ማቆየቱ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከባድ ነው። የሚበላው ውሃ ውስጥ ያለውን ደቃቅ ነገር ነው፤ ፊልተርሽ ውሃውን ባጠራው ቁጥር እሱ ይራባል። ከውሃ አታውጪው። አየር ቱቦዎቹ ውስጥ ከገባ ሊሞት ይችላል። ማዛወር ካለብሽ እዚያው ውሃው ውስጥ ከነድንጋዩ በጎድጓዳ ሳህን ተቀበዪው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ስለሚቆም፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ቢኖርሽ ለዓሦቹም ይጠቅማል።

የዓሣ ወዳጅ

ከተራበ ለምን ወደ ሐይቁ አትመልሰውም? የመጣው ከዚያ አይደል?

ታንኳ ቀዛፊ

አይሆንም ወንድሜ። ድንጋዩ ከጎልድፊሽ ጋር ነው የከረመው። ጎልድፊሽ የጣና ዓሣ አይደለም። ምን በሽታ፣ ምን ጥገኛ ተውሳክ ይዞ እንደሚመለስ በዓይን አይታይም። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ገበሬ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለው፣ ስንት ማሽን ገባበት፣ አሁንም አልለቀቀንም። እባካችሁ፣ የገንዳ ነገር ወደ ሐይቁ አይመለስ።

ላብራቶሪ የምሠራ

እስማማለሁ። የዓሦቹን ነገር ጠይቀሽ ነበር። በሕይወት እስካለ አይጎዳቸውም። የሚያሰጋው ሲሞት ነው። ግራጫ ሆኖ መላላጥ ከጀመረ ወይም ክፉ ሽታ ካመጣ ሳትዘገዪ ድንጋዩን አውጪ። ሲበሰብስ አሞኒያ ይለቃል፤ ዓሣ የሚገድለው እሱ ነው። ከዚያ የገንዳውን ውሃ ሲሶ ያህል ቀይሪ። የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ቀድመሽ በክፍት ባልዲ አሳድሪው። የወጣውን ውሃ አትክልት አጠጪበት እንጂ ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ አትድፊው። ድንጋዩም ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ።

ከሽምብጥ ሰፈር

እሺ፣ ገብቶኛል። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቁራጩን አልኮል ውስጥ አድርጌ ቦታውንም ወሩንም ጽፌበታለሁ። ሰኞ ዩኒቨርሲቲ እወስደዋለሁ። የዝርያው ስም ከታወቀ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።