አንቀጽ 3፦ በምን እንፈትሽ፣ ምን ሲሆን እንቀበል?

አስተባባሪ፦ የድረ ገጽ ተደራሽነት (አካል ጉዳተኞችም እንዲጠቀሙበት ማድረግ) ረቂቃችን አንቀጽ 3 አሁን እንዲህ ይላል፦ «እያንዳንዱ ገጽ በላይትሃውስ የተደራሽነት ነጥብ 100 ማግኘት አለበት።» ላይትሃውስ ገጽን በራሱ ፈትሾ ከ100 ነጥብ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ይለወጥ የምትሉ ምትኩን ጽፋችሁ አምጡ።

የኮድ ክፍል፦ ይለወጥ። ላይትሃውስ ማሽን ሊለየው የሚችለውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ምስሉ አማራጭ ጽሑፍ (ምስሉን ለማያይ ሰው የሚነበብ መግለጫ) እንዳለው ያያል፤ ጽሑፉ ምስሉን በትክክል ይግለጸው አይግለጸው ግን አያውቅም። በማውስ ብቻ የሚከፈት ሜኑ ያለበት ገጽም 100 ሊያገኝ ይችላል። አክስ የተባለውን ሌላ መፈተሻ እንጨምር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ላይትሃውስ ራሱ የተደራሽነት ፍተሻውን የሚያካሂደው በአክስ ሞተር ስለሆነ ሁለቱን መደርደር ሁለት ምስክር ማቆም አይሆንም። አክስን ይዘን በላይትሃውስ ምትክ ዌቭ የተባለውን መፈተሻ እናስገባ፤ እሱም በብሮውዘር ማከያው በኩል፣ ምክንያቱም የገጹ አድራሻ ተሰጥቶት የሚሠራው ዌቭ በይለፍ ቃል የተዘጋ ገጽ ውስጥ አይገባም።

የዲዛይን ክፍል፦ እስማማለሁ። የቀለም ንፅፅርን (የጽሑፉና የጀርባውን የብርሃን ልዩነት) ግን በቁጥር እናስቀምጥ፦ ለመደበኛ ጽሑፍ 4.5 ለ 1፣ ለትልቅ ጽሑፍ (ከ18 ፖይንት ጀምሮ፣ ደማቅ ከሆነ ከ14) 3 ለ 1። በነጭ ላይ #777777 ግራጫ 4.48 ስለሚሆን ይወድቃል፤ #767676 ደግሞ 4.54 ሆኖ ያልፋል። ዓይን አይለያቸውም፤ ስለዚህ «ጥሩ ይታያል» ማስረጃ አይሁን። ፎቶ ላይ የተጻፈ ጽሑፍን አክስ ስህተት ብሎ አይቆጥረውም፣ «በሰው ይታይ» ወደሚለው ክፍል ይጥለዋል። ያንን ክፍል ሳይከፍቱ ማለፍ የተለመደ ጥፋት ነው። ነጭ ጽሑፍ ከሆነ የፎቶውን በጣም ብሩህ ቦታ በቀለም መልቀሚያ ለክቶ መመዝገብ ይገባል።

የስክሪን ሪደር (ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ተጠቃሚዎች ተወካይ፦ ዋናው ፍተሻ ገና አልተነሳም። ማውሱ ይነሳና ገጹ በታብ፣ በሺፍት ታብ፣ በኢንተር፣ በስፔስና በኢስኬፕ ብቻ ከላይ እስከ ታች ይሞከር። ፎከሱ (ኪቦርዱ አሁን ያለበት ቦታ) የት እንዳለ ካልታየ ብዙውን ጊዜ በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) ውስጥ አውትላይኑ (በዙሪያው የሚሰመረው መስመር) ስለጠፋ ነው። ብቅ ባይ መስኮት ሲከፈት ፎከሱ ከጀርባ ከቀረ ተጠቃሚው መስኮቱ መከፈቱን እንኳ ላያውቅ ይችላል። ቀጥሎ ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር በዊንዶውስ፤ ነጻ ነው። ኢንሰርት ከኤፍ 7 ጋር ሲጫን የሊንኮችና የርዕሶች ዝርዝር ይወጣል። ዝርዝሩ ውስጥ «ተጨማሪ ያንብቡ» ደጋግሞ ከመጣ የትኛው ወዴት እንደሚወስድ አይታወቅም። በስልክ የአንድሮይድና የአይፎን ስክሪን ሪደሮች፣ ቶክባክና ቮይስኦቨር፣ ይጨመሩ። ፈታኙም ገጹን የሠራው ሰው ባይሆን ይመረጣል፤ የሠራው ሰው መንገዱን በልቡ ስለሚያውቅ እንቅፋቱ አይታየውም።

የኮድ ክፍል፦ ይህ ከእኔ ሐሳብ ይቀድማል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ 1280 ፒክስል ስፋት ያለው መስኮት 400 በመቶ ሲሰፋ 320 ይሆናል፤ በዚያ ላይ ጽሑፍ ለማንበብ ወደ ጎን መጎተት የለበትም።

አስተባባሪ፦ እንግዲህ ምትኩ ይህ ነው፦

«መለኪያው ደብሊው ሲ ኤ ጂ (የድረ ገጽ ተደራሽነት ዓለም አቀፍ መመሪያ) 2.2 ደረጃ ኤኤ ነው። ከእያንዳንዱ የገጽ ዓይነት ናሙና ይመረጣል፤ የናሙናው 10 በመቶ ያህል ተጨማሪ ገጽ በዕጣ ይታከላል። እያንዳንዱ በአክስና በዌቭ፣ ከዚያ በኪቦርድ፣ በ400 በመቶ ማስፋትና በኤንቪዲኤ ይፈተሻል፤ የስልኩ በቶክባክና በቮይስኦቨር። ገጹን የሠራ አይፈትሽም። በኪቦርድ የማያልቅ ተግባር ካለ ሌላው ሁሉ ቢያልፍም ርክክብ አይኖርም።»

የዲዛይን ክፍል፦ የንፅፅር ቁጥሮቹ በአባሪ ይግቡ እንጂ ድጋፌን ሰጥቻለሁ።

የስክሪን ሪደር ተጠቃሚዎች ተወካይ፦ ደግፌያለሁ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዳይነካ።