ቅስቱ ዜሮ አልሆን አለኝ፣ የኮንቱር ኢንተግራል የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ከባሕር ዳር። ጥያቄው ኤክስ ሳይን ኤክስ ለ(ኤክስ² + 1) ተካፍሎ ከአሉታዊ እስከ አዎንታዊ ኢንፊኒቲ ያለው ኢንተግራል ነው።

ሳይኑን እንዳለ ይዞ ኮምፕሌክስ ፕሌኑ ላይ ወደ ላይኛው ግማሽ ክብ መውጣት እንደማያዋጣ ገብቶኛል። ከላይ ባለው ኤክስ ሳይን ኤክስ ቦታ ኮሳይን ኤክስ አድርጌ ስሞክር 4.85 ወጣ፤ ከላይ 1 ብቻ ቢሆን እንኳ መልሱ ፓይ ስለሆነ ከ3.14 ሊበልጥ አይችልም! ስለዚህ ሳይኑን በኢ ፓወር አይ ዜድ ተካሁት። ግማሽ ክቡ ውስጥ የሚገባው ፖል (አካፋዩ ዜሮ የሚሆንበት ነጥብ) አይ ብቻ ነው፤ ሬዚድዩው (በ2ፓይ አይ ተባዝቶ የዙሪያውን ኢንተግራል የሚሰጠው ቁጥር) 1/(2ኢ)። በ2ፓይ አይ ሲባዛ የኢማጅነሪ ክፍሉ ፓይ/ኢ፣ 1.156 ገደማ። እስከዚህ ሰላም ነው።

ችግሩ ቅስቱ (የግማሽ ክቡ ጠመዝማዛ ክፍል) ላይ ነው። ራዲየሱ አር ከሆነ ርዝመቱ ፓይ አር፣ የፈንክሽኑ ጣሪያ አር/(አር² − 1)፤ ሲባዙ ወደ ፓይ እንጂ ወደ ዜሮ አይሄዱም። የኤክስፖኔንሻሉ መጠን ኢ ፓወር −አር ሳይን ቴታ ነው (ቴታ ቅስቱ ላይ ያለው ነጥብ አንግል ነው)፤ መሃል ላይ ድምጥማጡ ይጠፋል፣ ቴታ 0 እና ፓይ ጋ ግን 1 ሆኖ ቁጭ ይላል። ከ0 እስከ ፓይ/2 ሳይን ቴታ ከ2ቴታ/ፓይ እንደማያንስ አውቃለሁ። እሱን የት ላስገባው? ጣሪያ ከመውሰዴ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የጆርዳንን ለማ (እንዲህ ያለው የቅስት ኢንተግራል ወደ ዜሮ ይሄዳል የሚለውን) ስሙን ጠርቶ ማለፍ አይፈቀድም፣ ማረጋገጥ አለብን።

ፔዳ (የዩኒቨርሲቲው ካምፓስ) አካባቢ ያላችሁ ካላችሁ ወረቀቴን ይዤ እመጣለሁ።