ከክሬን እግር ስር የሚነጠፍ የእንጨት ርብራብ፦ ስፋቱን ሙሉ ልቁጠረው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንዱ የድጋፍ እግሩ ሲበዛ 36 ቶን የሚያሳርፍ ክሬን ሊገባልን ነው። መሬቱ ሸክላ አፈር ሲሆን የአፈር ምርመራው የፈቀደው በካሬ ሜትር 8 ቶን ብቻ ነው። የተከራየነው ርብራብ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባላቸው፣ በብሎን በተያያዙ እንጨቶች የተሠራ፣ 1.2 በ6 ሜትር ነው። 36ን ለ7.2 ሳካፍል 5 ቶን ይወጣል። ታዲያ ለእያንዳንዱ እግር አንድ አይበቃም? ፎርማናችን ደግሞ «ኪራዩ ይቅር፣ የፎርምወርክ (የኮንክሪት ቅርጽ ማውጫ) ጣውላ እንደርድር» ይላል።

ገረጋንቲ፦
ስሌትህ እንጨት አይጎብጥም ብሎ የተነሣ ነው። እግሩ የሚያርፈው መሐል ላይ ስለሆነ መሐሉ ይሰምጣል፤ ጫፎቹ ምንም ላይሸከሙ ይችላሉ። ርዝመት የተከራየ ሰው ሁሉ ስፋት የተከራየ ይመስለዋል! ከ6 ሜትሩ የሚያግዝህ 3 ሜትሩ ነው እንበል። 36 ለ3.6 ሲካፈል 10 ቶን ነው፤ ከተፈቀደልህ አለፍህ። በዚያ ላይ ጠንካራ እንጨት ከሆነ ርብራቡ ራሱ ወደ ሁለት ቶን ይጠጋል፤ ይህን የሚቆጥር ግን የለም።

ምን ያህሉ እንደሚሠራ የሚወስኑት የእንጨቱ ዓይነትና ውፍረት፣ የአፈሩም ልስላሴ ናቸው፤ መሐንዲሳችሁ ያስላው። እኔ ብሆን ሦስቱን ጎን ለጎን አስተኝቼ አንዱን በላያቸው አግድም አደርጋለሁ፤ እግሩንም ልክ መሐሉ ላይ አሳርፋለሁ። የፎርማኑን ነገር እርሳው። ቀጫጭን ጣውላ ቢደራረብ አንድ ወፍራም እንጨት አይሆንም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይጎብጣል።

ኦፕሬተር፦
ከመነጠፉ በፊት ጭቃው ተጠርጎ መሬቱ ይስተካከል፤ ከስር ክፍተት ካለ ርብራቡ ድልድይ ይሆናል። እንጨቱ የበሰበሰ ወይም ብሎኑ የላላ ከሆነ እኔ እግር አላሳርፍም፤ አለቃ ቢቆጣም ይቆጣ። ክብደቱ የሚሄደው ክንዱ ወደዞረበት እግር ስለሆነ ጭነት ከማንሣቴ በፊት ባዶውን ቀስ ብዬ በየእግሩ ላይ አዞራለሁ፤ ከዚያ ውኃ ልኩን ደግሜ አያለሁ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። በአንደኛው እግር በኩል ባለፈው ወር ቧንቧ ቀብረን የደፈንነው የፍሳሽ ቦይ አለ። ርብራቡ በላዩ ቢሻገር ችግር አለው?

ገረጋንቲ፦
አለው። አንዱ ጫፍ ጠንካራ አፈር ላይ፣ ሌላው ልል ሙሌት ላይ ሲያርፍ ርብራቡ ያጋድላል። መጀመሪያ ክሬኑን ከቦዩ አርቃችሁ ለማቆም ሞክሩ። ካልተቻለ ሙሌቱ ይውጣና በገረጋንቲ (ጠጠር በበዛበት የሙሌት አፈር)፣ በየንጣፉ እየተጠቀጠቀ እንደገና ይሞላ። ቧንቧው ጭነቱን መቻሉም አብሮ ይሰላ።